ያውቁ ኖሯል? የሸሕዲው ጥቁር ወፍ የማንን ዜማ ያዜማል

ክረምት ገብቶ በመተማ ቆላ የምትገኘዋ የሸሕዲ ከተማ ግቢዎች ሣር ሲለብሱ፣ ከኒሙ ጫፍ ላይ ተሰይሞ ከማለዳ ጀምሮ የሚያዜመው ትንሽ ጥቁር ወፍ ከዜማው ከፊሉን ከጎረቤቱ የወሰደው መሆኑን ያውቁ ኖሯል? ቁመቱ 11 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ምንቃሩ ነጣ ያለ፣ እግሩ ወደ ቀይ የሚያደላ። ሳይንቲስቶች ቪዱዋ ካሊቤያታ ይሉታል። እኛ ለዛሬ ኢንዲጎ ወፍ እንበለውና እንቀጥል።

ጎረቤቲቱንስ ያውቋታል? ስሟን ባይሰሙም አይተዋታል። ማሽላ በሚወቀጥበት፣ እህል በሚበጠርበት ቦታ ከሰው እግር ሥር የምትለቅመው፣ ምንቃሯ ቀይ፣ ጎኗ ላይ ጥቃቅን ነጫጭ ነጥቦች ያሉባት ወፍ ናት። ወንዱ ከራሱ እስከ ደረቱ ቀይ ነው፤ ሴቷ ቡናማ ናት። ክብደታቸው 10 ግራም ቢደርስ ነው። ላጎኖስቲክታ ሴኔጋላ የምትባለው ይህች ወፍ ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያ፣ ከዚያም እስከ ደቡብ አፍሪካ ከሰው ጋር ትኖራለች። ጎጆዋን በሣር ክዳን ውስጥ፣ በግድግዳ ቀዳዳ ወይም በአጥር ቁጥቋጦ ትሠራለች።

ኢንዲጎ ወፍ ጎጆ ሠርቶ እንደማያውቅስ? ሴቷ እንቁላሏን በቀይዋ ወፍ ጎጆ ውስጥ ጥላ ትሄዳለች። የቀይዋም ነጭ፣ የእርሷም ነጭ ነው፤ የእርሷ ጥቂት ተለቅ ይላል። ጫጩቷ እንደ ኩኩ ጫጩት የባለቤቶቹን ልጆች እየገፋች ከጎጆ አታወጣም። አብራ ትበላለች፣ አብራ ታድጋለች። ከጥገኛ ወፎች ሁሉ ጨዋይቱ ይህች ሳትሆን አትቀርም።

የጫጩቶቹ አፍ ውስጥ ምን እንዳለ አይተው ያውቃሉ? የቀይዋ ወፍ ልጆች ምግብ ለመለመን አፋቸውን ሲከፍቱ ላንቃቸው ላይ ጥቁር ነጠብጣብ፣ በአፋቸው ጠርዝ ላይም ደማቅ እብጠቶች ይታያሉ። የኢንዲጎ ወፍ ጫጩትም ይህንኑ ንድፍ ይዛ ትወለዳለች። ጋብርኤል ጄሚና ባልደረቦቹ ዛምቢያ ውስጥ ሠርተው እ.ኤ.አ. በ2020 ባሳተሙት ጥናት፣ የዚህ ወገን ጫጩቶች የአፍ ንድፉን ብቻ ሳይሆን የልመናውን ድምፅና የአንገቱን አዟዟር ጭምር ከአሳዳጊዎቻቸው ልጆች ጋር እንደሚያመሳስሉ አሳይተዋል። ወደ ጎጆ ሌንስ አስጠግቶ ይህን ለማንሳት የሚያምረው ካለ ግን ይተወው። በጣም የተጠጉበት ወላጅ ጎጆውን ጥሎ ሊሄድ ይችላል።

አሁን ወደ ዜማው። ወንዱ ኢንዲጎ ወፍ የቀይዋን ወፍ ዜማ ከደሙ ይዞት ይወለዳል ወይስ ይማረዋል? በአሜሪካ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲው ሮበርት ፔይን ጥያቄውን በቀላል ዘዴ መለሰው። የኢንዲጎ ወፍ ጫጩቶችን ለሌላ ወፍ፣ በቤት ለሚረባ የእስያ ፊንች፣ ሰጥቶ አሳደጋቸው። ወንዶቹ ሲጎለምሱ የአባቶቻቸውን አሳዳጊ ዜማ ትተው የእስያውን ፊንች ዜማ አዜሙ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1998 ታተመ። ስለዚህ በሸሕዲ ኒም ላይ የምንሰማው የቀይ ወፍ ዜማ የአስተዳደግ ምስክር ነው፤ ወንዱ በጎጆ ሳለ ከእንጀራ አባቱ የሰማው ነው።

ሴቷስ? እርሷ አታዜምም፤ ቡናማና ባለ ጭረት ስለሆነች ፎቶ አንሺም ዞር ብሎ አያያትም። የነገሩ ሁሉ ፈራጅ ግን እርሷ ናት። ባል የምትመርጠው ልጅ ሳለች የሰማችውን ዜማ ከሚያዜሙት መካከል ነው። እንቁላሏን የምትጥልበትንም ጎጆ በዚያው ዜማ ትለያለች። አንዲት ሴት ተሳስታ በሌላ ዝርያ ጎጆ ውስጥ ብትጥል፣ ልጆቿ ሌላ ዜማ ይማራሉ፣ እርስ በርሳቸው ይፈላለጋሉ፣ ከቀድሞው ወገናቸውም ይርቃሉ። ማይክል ሶረንሰን፣ ክሪስቲና ሴፍክና ፔይን እ.ኤ.አ. በ2003 «ኔቸር» ላይ ባወጡት የዘረመል ጥናት፣ በአፍሪካ የኢንዲጎ ወፍ ዝርያዎች የበዙት በዚህ መንገድ መሆኑን አስረድተዋል። አንድ የጎጆ ስሕተት አዲስ ዝርያ ሊያስጀምር ይችላል ማለት ነው።

ለካሜራ ሰው ከዚህ የሚከተለው መራራ እውነት ነው። በአፍሪካ ወደ 10 የሚጠጉ የኢንዲጎ ወፍ ዝርያዎች አሉ፤ ወንዶቹ ሁሉ ጥቁር ናቸው፣ ሁሉም ያብለጨልጫሉ። ልዩነታቸው በምንቃር፣ በእግርና በክንፍ ቀለም ላይ ያለ ጥቂት ነገር ነው። ስለዚህ የትኛውን ነው ያነሳሁት ብሎ ለመወሰን ባለሙያዎች ፎቶውን አስቀምጠው የማንን ዜማ ነበር የሚያስመስለው ብለው ይጠይቃሉ። ለምሳሌ ቪዱዋ ላርቫቲኮላ የሚባለው ዝርያ እስከ ምዕራብ ኢትዮጵያ ይዘልቃል። እርሱ የሚያስመስለው የቀይዋን ወፍ ዘመድ፣ ፊቱ ጥቁር የሆነውን ሌላ ፊንች ነው። ፔይን ራሱን የቻለ ዝርያ ነው ብሎ ስም የሰጠው እ.ኤ.አ. በ1982 ነው፤ ለዚያውም በድምፁ ተመርቶ። አሳዳጊው ፊንች ደግሞ ለሳይንስ የተዋወቀው ከዚያ 140 ዓመት ገደማ ቀድሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1840፣ ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል ከኢትዮጵያ በወሰደው ናሙና ነው።

በእኔ አስተያየት በኢንዲጎ ወፍ ፎቶ ሥር ድምፁ ካልተያያዘ ፎቶው ግማሽ ነው። ስልክዎን ከኪስ አውጥተው ለሁለት ደቂቃ ይቅዱት። ከንፋስ ይከልሉት፤ ባጃጅ እስኪያልፍ ይጠብቁ። ዜኖ ካንቶ የተባለው የወፍ ድምፅ ማኅደር እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ከዓለም ዙሪያ እንዲህ ያሉ ቅጂዎችን ይሰበስባል፤ በስልክ የተቀዳም ይቀበላል። ድምፅ ሰምቶ የወፍ ስም የሚናገር አፕን ግን እዚህ ላይ አይመኑ። ቀይዋን ወፍ ነው የሰማሁት ቢልዎ፣ እርሱም እንደ ሴቷ ኢንዲጎ ወፍ ዜማውን ብቻ ነው የሰማው።

ጥቁር ወፍ ካሜራን እንደሚያሳስት ያውቁ ኖሯል? የብርሃን መለኪያው ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ለማምጣት የተሠራ ነው። ጥቁሩ ወፍ ፍሬሙን ከሞላው ጨለማ መስሎት ብርሃን ይጨምራል፤ ወፉ አመድማ ሆኖ ይወጣል። ኤክስፖዠሩን ከግማሽ እስከ አንድ ስቶፕ መቀነስ ነው። ወፉ ሩቅ ሆኖ ከኋላው ነጭ የቆላ ሰማይ ካለ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። መለኪያው ሰማዩን አይቶ ይቀንሳል፣ ወፉ ቅርፅ ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ ያኔ መጨመር ይገባል። ከሁለቱም የሚሻለው ግን ሁለት እርምጃ ወደ ጎን ሄዶ ከወፉ ኋላ ሰማዩን በቅጠል መተካት ነው።

ሰማያዊው ብልጭታው ደግሞ ቀለም አይደለም። ብርሃን በላባው ጥቃቅን አሠራር ላይ ሲያርፍ የሚፈጠር ነው፤ ስለዚህ ከአንዱ አንግል ይታያል፣ ከሌላው ይጠፋል። ፀሐይዋን ከጀርባዎ አድርገው ይቁሙ።

የቀይዋ ወፍ ችግር ሌላ ነው። በጠንካራ ፀሐይ የሴንሰሩ ቀይ ቻናል ከሌሎቹ ቀድሞ ይሞላና የላባው ዝርዝር ሁሉ አንድ ቀይ ንጣፍ ይሆናል። በስክሪኑ ላይ ነጩን ሂስቶግራም ብቻ የሚያይ ሰው ይህ ይሰወረዋል፤ ቀዩን ለብቻው ማየት ያስፈልጋል። በሮው ፎርማት ማንሳትም በኋላ የማዳን ዕድል ይሰጣል።

ከረፋዱ 3 ሰዓት በኋላ የሚነሳ የሩቅ ፎቶ ለምን እንደሚደበዝዝስ ያውቁ ኖሯል? ጥፋቱ የሌንሱ አይደለም። መሬቱ ሲግል ከላዩ ያለው አየር ይንቀጠቀጣል፣ ብርሃኑም አብሮ ይታጠፋል። በመጋቢትና በሚያዝያ 40 ዲግሪ በሚነካው በዚህ ቆላ በ600 ሚሊ ሜትር ሌንስ ከ50 ሜትር የሚነሳው ፎቶ፣ በ300 ሚሊ ሜትር ከ10 ሜትር በሚነሳው ይበለጣል። ውድ ሌንስ ይህን አይፈታውም፤ መጠጋትና በጠዋት መነሳት ግን ይፈታዋል። ለመጠጋት ደግሞ ከሸሕዲ ግቢ የተሻለ ቦታ የለም። ቀይዋ ወፍ ሰው ለምዳለች። ውኃ በሚንጠባጠብበት ቧንቧ አጠገብ ዝቅ ብሎ የተቀመጠ ሰው፣ ዓይኗ ትይዩ ሆኖ ያነሳታል። ለዚህ የመዝጊያውን ፍጥነት ከ1/1000 ሰከንድ አያውርዱት፤ ቆማም አትቆምም።

በበጋ መጥቶ ጥቁሩን ወፍ የሚፈልግ ሰው በከንቱ እንደሚደክምስ? ወንዱ ጥቁር የሚሆነው በመራቢያው ወቅት ነው። ወቅቱ ሲያልፍ እንደ ሴቷ ቡናማ ይለብስና ከሌሎች ዘር በቃሚዎች ጋር ተቀላቅሎ ይጠፋል። ደግ ጊዜው ዝናቡ ሊያባራ ሲል፣ የሣሩ ዘር ሲበስል ነው፤ የሰሊጥ አጨዳው ግርግር ከሚጀመርበት ጋር ይገጥማል።

አጭር አጭር እንበል።

ዜማን በመስማት የሚማሩ የወፍ ወገኖች በዋናነት ሦስት ናቸው፤ ዘማሪ ወፎች፣ በቀቀኖችና ሃሚንግበርዶች። ዶሮ ስንት ዓመት ከሰው ጋር ብትኖር የሰው ቃል አትማርም።

ወፍ የሚያዜመው በጉሮሮው አይደለም። ሲሪንክስ የሚባለው የድምፅ አካሉ የአየር ቧንቧው ለሁለት የሚከፈልበት ሥር ላይ ነው፤ ብዙ ዘማሪ ወፎች ግራና ቀኙን ለየብቻ ያዝዙታል።

በዓለም ላይ መጀመሪያ የተቀዳው የወፍ ዜማ እ.ኤ.አ. በ1889 ጀርመን አገር የ8 ዓመቱ ሉድቪግ ኮክ በኤዲሰን ፎኖግራፍ የቀዳው ነው። ወፉ በቤት የሚኖር የእስያ ሻማ ነበር፤ እርሱም ሌሎችን በማስመሰል የታወቀ።

ለንደንን ያጥለቀለቀው ቀለበተ አንገት አረንጓዴ በቀቀን የሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያም ወፍ ነው። በቤት ሲያድግ ቃላት ይናገራል። በዱር ግን ጩኸቱ የራሱ ነው።

የካሜራ ድምፅ የሚያስመስል ወፍ አለ ሲባል ሰምተው ይሆናል። አለ፤ የአውስትራሊያው ላየርበርድ ነው። ዴቪድ አተንቦሮ እ.ኤ.አ. በ1998 ባቀረበው የወፎች ተከታታይ ፊልም ላይ የመዝጊያውን ቅጭልታና የፊልም መጠቅለያ ሞተሩን ድምፅ ሳይቀር ሲያሰማ ታይቷል። ብዙ ሰው የማያውቀው ግን እንዲህ የማሽን ድምፅ ያሰሙት ከሰው ጋር ያደጉ መሆናቸው ነው። በዱር ያሉት በአብዛኛው የሚያስመስሉት ሌሎች ወፎችን ነው።

ወደ ቆላችን እንመለስና፣ ስለ ድሮንጎ ያውቁ ኖሯል? ይህ ከከተማ ወጣ ብሎ ባለው ጫካ፣ በከብት መንጋ ዙሪያና ሣር በሚቃጠልበት ቦታ ነፍሳት ሲያሳድድ የሚታይ፣ ጅራቱ ጫፉ ላይ ለሁለት የተከፈለ ጥቁር ወፍ ነው። እስከ ቅርብ ጊዜ ከእኛው ጋር እንደ አንድ ዝርያ ይቆጠር የነበረውን የደቡብ አፍሪካ ድሮንጎ ቶም ፍላወር በካላሃሪ አጠናው፤ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2014 «ሳይንስ» ላይ አወጣ። 64 ወፎች ተከታትሎ ወደ 700 የሚጠጉ የስርቆት ሙከራዎች አይቷል። ስርቆቱ እንዲህ ነው። ድሮንጎው ሚርካት የሚባሉትን ምድር ጭረው የሚበሉ እንስሳት እየተከተለ ጭልፊት ሲመጣ በእውነት ያስጠነቅቃቸዋል፤ ያምኑታል። ከመካከላቸው አንዱ ወፍራም ትል ሲያወጣ ግን ምንም ሳይመጣ ይጮኻል፣ እነርሱ ሲሸሹ ወርዶ ይወስዳል። አንዱን ጩኸት ሲለምዱበት ወደ ሌላ ይለውጣል፤ የራሳቸውን የሚርካቶቹን ማስጠንቀቂያ፣ ወይም የሌላ ወፍ ጩኸት ያሰማቸዋል። ከዕለት ምግቡ ሩብ ያህሉን በዚህ መንገድ ያገኛል። ፎቶ ለማንሳት ግን ድሮንጎ ደግ ነው፤ ራቁት ቅርንጫፍ ላይ ይቀመጣል፣ በርሮ ነፍሳት ይዞ ብዙ ጊዜ እዚያው ይመለሳል። ፍጥነቱን 1/2500 አድርገው ቅርንጫፉ ላይ ፎከስ ይያዙና ይጠብቁት።

ይህ ሁሉን የሚያታልል ወፍ በኩኩ እንቁላል አለመታለሉ ደግሞ ያስቃል። በዛምቢያ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ ጥናት፣ ድሮንጎ የአፍሪካ ኩኩ ከምትጥልበት እንቁላል 94 በመቶ ያህሉን ለይቶ እንደሚጥል ገምቷል። እያንዳንዷ ድሮንጎ እንቁላሏ ላይ የራሷ የሆነ የነጠብጣብ ፊርማ ስላላት ነው።

ከጎንደር ወደ ሸሕዲ ሲወርዱ ድምፅ አስመሳዩም ከመንገዱ ጋር እንደሚለወጥ አስተውለዋል? በደጋው ግቢ፣ በጎንደርም በአዲስ አበባም፣ ሥራው የሩፔል ሮቢን ቻት ነው፤ ደረቱ ብርቱካናማ፣ ከዓይኑ በላይ ነጭ መስመር ያለው፣ በጥላ ሥር ተደብቆ እስከ ምሽት ድንግዝግዝ የሚዘፍን። እርሱን ለማንሳት ፀሐይን መርሳት ነው፤ አይኤስኦ 3200 አድርጎ ካሜራውን በአንድ ነገር ላይ ማስደገፍ። የአጎቱን ልጅ፣ በነጭ ቅንድቡ የታወቀውን ሌላውን ሮቢን ቻት ደግሞ የወፍ አጥኚው ሃርትላውብ እ.ኤ.አ. በ1866 በቴዎዶር ፎን ሆይግሊን ስም ሰየመው። ሆይግሊን ማን መሰለዎ? እ.ኤ.አ. በ1852 እና 1853 ከካርቱም ተነስቶ ከመተማ ማዶ ባለው በገላባት በኩል ወደ ኢትዮጵያ የገባው ወፍ ሰብሳቢ ነው። አብሮት የነበረው የኦስትሪያ ቆንስል ሬይትስ ሲመለሱ ዶካ ላይ ሞተ። መተማ ሲባል ጦርነቱን ብቻ የምናስታውስ ሰዎች ይህንንም ብናውቅ አይከፋም።

ካሜራ በዚህ ምድር ወፍ ብቻ አላሳየንም። ከሸሕዲ በስተደቡብ ባለው የቋራ ምድር፣ ከሱዳኑ ዲንደር ፓርክ ጋር በሚዋሰነው የአልጣሽ ብሔራዊ ፓርክ አንበሳ መኖሩን የአካባቢው ሰው ሁሌም ይናገር ነበር። ዓለም ያመነው ግን እ.ኤ.አ. በ2016 መጀመሪያ የሃንስ ባወር ቡድን በተከላቸው አውቶማቲክ ካሜራዎች ከቀረጻቸው በኋላ ነው።

ስለ ድንበሩ አንድ ነገር ልበል። እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2023 ወዲህ በሱዳኑ ጦርነት ምክንያት ስደተኞች በመተማ በኩል ሲገቡ ቆይተዋል፤ የጸጥታው ነገርም እንደቀድሞው አይደለም። ረጅም ሌንስ ከሩቅ ለሚያየው ሰው ካሜራ ላይመስለው ይችላል። ኬላ፣ ድልድይና ካምፕ ወዳለበት አያዙሩት፤ ከመጀመርዎ በፊት ለቀበሌው ያስታውቁ፣ በፓርክ ውስጥ ለመቅረጽ ፈቃድ ይጠይቁ። ለነገሩ ኢንዲጎ ወፍንና ቀይዋን ወፍ ለማንሳት ከግቢ አጥር ውጭ መውጣት አያስፈልግም።

ከሁሉ የሚገርመኝን አልነገርኩም። በአውሮፓ ሸምበቆ ዳር የምትራባ፣ ግራጫማ ቡናማ፣ ፎቶ አንሺ ቢያገኛት እንኳ የማይደሰትባት አንዲት ወፍ አለች፤ አክሮሴፋለስ ፓሉስትሪስ ትባላለች። ቤልጂየማዊቷ ፍራንስዋዝ ዶውሴት ለሜር የወንዶቹን ዜማ አንድ በአንድ ፈታችው፤ እ.ኤ.አ. በ1979 ያወጣችው ውጤት እስካሁን ይጠቀሳል። አንድ ወንድ በአማካይ የ76 ዝርያዎችን ድምፅ ያስመስላል። ከነዚህ 31ዱ የአውሮፓ ወፎች ናቸው፣ 45ቱ ግን የአፍሪካ። በጠቅላላው 212 ዝርያዎች ተለይተዋል። ጫጩቱ ከአባቱ አይማርም፤ አባት በዚያን ጊዜ ዜማውን ጨርሷል። የሚማረው በተወለደ በመጀመሪያው ዓመት፣ ወደ ደቡብ ሲጓዝ በየማረፊያው ከሚሰማቸው ወፎች ነው። ጉዞው ደግሞ በሱዳንና በኢትዮጵያ አድርጎ፣ በኬንያ በኩል ወደ ደቡብ አፍሪካ ነው። ተመራማሪዋ ቤልጂየም ተቀምጣ የትኞቹን የአፍሪካ ወፎች እንደሚያስመስል በመስማት ብቻ የት የት እንዳለፈ መንገዱን ነደፈችው። በነሐሴና በመስከረም በዚህ ቆላ ቁጥቋጦ ውስጥ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚያጉረመርም ቡናማ ወፍ ካዩ፣ ባይማርክዎም አንድ ፎቶና አንድ ቅጂ ይውሰዱ።

የመጨረሻው ለሥራ የሚጠቅም ነው። በስልክ የወፍ ድምፅ እያጫወቱ ኢንዲጎ ወፉን መጥራት አያስፈልግም፤ በመራቢያ ወቅት ባላንጣ የመጣበት መስሎት ከሥራው ይስተጓጎላል። ከዚያ የሚቀል መንገድ አለ። ወንዱ የሚያዜምበትን ዛፍ አይቀያይርም፤ ቀኑን አብዛኛውን እዚያው ያሳልፋል። ፔይን ዛምቢያ ውስጥ ለዓመታት ተከታትሎ እንዳየው፣ አንዱ ሲሞት ወይም ሲባረር ሌላ ወንድ ያንኑ ዛፍ ይይዛል። የአንድ ሰፈር ወንዶችም አንድ ዓይነት ዜማ ይጋራሉ፤ በሴቶች የተወደደውን ወንድ ዜማ ሌሎቹ ይቀዱታል። ስለዚህ ዛፉን አንዴ ካወቁ በማለዳ ፀሐይዋን ከጀርባ አድርገው ዝቅ ብለው መቀመጥ፣ ሌንሱን በዚያው ቅርንጫፍ ላይ ማነጣጠር ነው። በሚቀጥለው ክረምት እዚያው ቅርንጫፍ ላይ የሚያነሱት ወፍ ሌላ ሊሆን ይችላል፤ ፎቶዎቹን ጎን ለጎን ቢያስቀምጡ አይለዩአቸውም፤ እግሩ ላይ ባለ ቀለም ቀለበት ካልታሰረ በቀር።